ባደረባት ድንገተኛ ሕመም

ባለፈው ሳምንት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ የሆሳዕናን መንገድ ባዶ ሲያስቀረው መብራትም አብሮ ጠፋና ሱቄ ውስጥ አምስት ሰው ተጠልለን ቀረን። ሱቄ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ነው፤ ማመልከቻ እንጽፋለን፣ ፎቶ ኮፒ እናነሣለን፣ የሠርግ ጥሪና የምረቃ ባነር እናትማለን። አብራኝ የምትሠራው ትዕግሥት ስልኳ ላይ ያየችው ነገር አስቋት ቀና አለችና፣ «ሰው ሲናገረው ጥርሳችሁን የሚያፋጫችሁ ንግግር የቱ ነው? አንድ አንድ ተናገሩ» አለች።

ፎርም ሊያስሞላ የመጣ አስተማሪ አፍታም አልቆየም። «ሲስተም የለም!» አለ። «መታወቂያ ለማደስ አራት ቀን ተመላለስኩ፤ አራቱንም ቀን ሲስተም የለም። እኔ መች ሲስተም ስጡኝ አልኩ?»

ሁላችንም ሳቅን። ሻሽ የምትሸጠው እትዬ ሙሉ ቀጠለች። «እኔ ደግሞ ‹ተባረኪ› እያለ የሚከራከረኝ ገበያተኛ። ተባረኪ እህቴ፣ ተባረኪ እናቴ ይልና ሻሹን በግማሽ ዋጋ ይዞብኝ ይሄዳል። በረከቱን ለራሱ ያድርገው!»

«‹እዚህች ጋ ናት› የሚል ተሳፋሪ» አለ የባጃጅ ሹፌሩ። «እዚህች፣ እዚህች እያለ ሌሞ ገጠር ድረስ ይወስደኛል።»

«እኔን ‹ፍቅርዬ› የሚለኝ የማላውቀው ሰው» አለች ትዕግሥት።

«እኔ ብዬሽ አላውቅም እንግዲህ» አለ ሹፌሩ።

«ዛሬ ጠዋት ብለኸኛል!»

ሳቁ ሲበርድ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «ዘሪሁን፣ ያንተስ?» አለኝ አስተማሪው። እኔ የለኝም አልኩ። «እሱ ምን ይጠላል፣ ራሱ መች ይናገራልና» ብላ ትዕግሥት ተሳለቀችብኝና ጨዋታው ወደ ሌላ ሄደ። አለኝ፤ አንድ ሐረግ አለኝ። በሳምንት ሁለቴና ሦስቴ ከየለቅሶው፣ ከየድምፅ ማጉያው እሰማዋለሁ። «ባደረባት ድንገተኛ ሕመም» የሚለው ነው።

ዝናቡ ሲያባራ መብራቱ መጣና ማሽኑ ማሞቅ ጀመረ። ፎቶ ኮፒ ማሽን ሲሞቅ የሚያወጣው ሽታ አለ፤ የጋለ ፕላስቲክና የተተኮሰ ወረቀት አንድ ላይ የሆኑ ይመስላል። ደንበኞች አፍንጫቸውን ይይዛሉ። እኔን ግን ይዞኝ ወደ መጀመሪያ አሠሪዬ፣ ወደ ጋሽ ከድር ሱቅ ይሄዳል። ዕድሜዬ ገና ሠላሳ ሁለት ነው፤ «በእኛ ጊዜ» ለማለት የሚያበቃ አይደለም። ነገር ግን ያ ሰፈር ዛሬ የለም። አሁን ባለመስታወት ፎቅ የቆመበት ማዕዘን ላይ ያኔ በቆርቆሮ የተሠሩ ሰባት ሱቆች በአንድ ረድፍ ነበሩ። የመጀመሪያው በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሲንጀሩን የሚረግጠው በአንድ እግሩ ብቻ ነበር፣ ሌላኛውን ከብርዱ ለማዳን አጥፎ ይቀመጥበታል። ቀጥሎ ሬዲዮ ጠጋኝ፣ ቀጥሎ ካሴት ቤት፣ አራተኛው የእኛ። ፊት ለፊት ጋሪዎች ይቆማሉ፤ ከሌሞ እህልና ቆጮ ጭነው የመጡ ፈረሶች በዝናብ ርሰው ጀርባቸው ይጨሳል። አንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ ሃምሳ ሳንቲም ነበር፣ አንድ ገጽ ማስጻፍ አራት ብር፣ ሻይ አንድ ብር፣ ፓስቲ ሰባ አምስት ሳንቲም። ወጣቱ ሁሉ ታች ሰፋ ያለ ሱሪና ጫፉ የሾለ ጫማ ያደርጋል፤ በሆሳዕና ጭቃ ላይ ያን ጫማ አድርጎ መሄድ ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። ካሴት ቤቱ ጠዋት በሀዲይኛ የመዘምራን መዝሙር ይከፍታል፤ ወደ ስድስት ሰዓት ግድም ባለቤቱ ቀስ ብሎ የፍቅር ዘፈን ያስገባል፤ ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አንዱ ብቅ ሲል ዘፈኑ መሃል ላይ ይቆረጥና መዝሙሩ ካቆመበት ይቀጥላል። ሰፈሩ ሁሉ በዚያ ማን እንደመጣ ያውቅ ነበር።

ጋሽ ከድር አባታቸው ከጉራጌ መጥተው እዚያው የከተሙ፣ ሀዲይኛን እንደ አፍ መፍቻቸው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ኮምፒውተሯን ነክተዋት አያውቁም፤ «እሷ» ነበር የሚሏት። «እሷ ዛሬ እንዴት አደረች?» ይላሉ፣ የወለደች ላም የሚጠይቁ ይመስል። እኔን የቀጠሩኝ ከአሥረኛ ክፍል ወድቄ ቤት በተቀመጥኩበት ጊዜ ነው። የኮምፒውተሩን የፊደል ሰሌዳ ካርቶን ላይ ስዬ፣ የመጀመሪያው ሠላሳ ገጽ ከተቀደደ አሮጌ መጽሐፍ ላይ አጥንቼ ነበር የሄድኩት። ጋሽ ከድር አንድ ደብዳቤ አስጻፉኝ፤ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ አንድ ስሕተት አጡበት። «ፊደል የሳተ ወረቀት ከዚህ ቤት አይወጣም፤ ሌላ ሕግ የለኝም» አሉኝ። ያ ሕግ ደስ አለኝ። እኔ ዝምተኛ ነኝ፤ በሰው መሃል የምለው ይጠፋኛል። ወረቀት ላይ ግን ሁሉም ነገር በቦታው መሆን ይችላል፤ ነጥቡ፣ ክፍተቱ፣ የመስመሩ ርዝመት። አንድ መስመር አጥሮ ገጹ ላይ ባዶ ቦታ ሲታይ ያመኝ ነበር። ይህን የምናገረው ለመኩራራት አይደለም።

በብዛት የምንጽፈው የሕይወት ታሪክ ነበር። እኛ አገር ሰው ሲሞት፣ ሬሳው ከመቀበሩ በፊት፣ በለቀስተኛው ፊት የሕይወት ታሪኩ ይነበባል፤ የት ተወለደ፣ ማንን አገባ፣ ስንት ወለደ፣ በምን ሞተ። ከላይ ፎቶው ይደረግና ተባዝቶ ይታደላል። ሰው ጠዋት መጥቶ ቀብሩ ከሰዓት ስለሆነ ጊዜ የለም፤ ስለዚህ ከእኔ በፊት የነበረው ጸሐፊ ሁለት ፋይል ትቶልኝ ነበር። የአንዱ ስም «ታሪክ ወንድ»፣ የሌላው «ታሪክ ሴት»። ስሙና አገሩ፣ የልጆቹ ቁጥርም፣ ነጥብ ነጥብ ተደርጎ ክፍት ተትቷል፤ ሌላው ተጽፎ ያለቀ ነው። በእጄ ያለፈ ሙት ሁሉ «ለሰው አዛኝ፣ እንግዳ ተቀባይ» ነበር። አንድ ሰውዬ በውሃ ቦይ ሰበብ ጎረቤቱን ስድስት ዓመት ፍርድ ቤት አመላልሷል፤ ክሱን ሁሉ የጻፍኩለት እኔ ነኝ። ሲሞት «በጎረቤቶቹ ዘንድ እጅግ የተወደደ» ብዬ ጻፍኩ። የሴቷ ፋይል የሞቱ መስመር እንዲህ ይላል፤ «ባደረባት ድንገተኛ ሕመም በሕክምና ስትረዳ ቆይታ ወደምትወደው ጌታዋ ተሰበሰበች።» ድንገተኛ ከሆነ መቼ ስትረዳ ቆየች? ስትረዳ ከቆየች ምኑ ነው ድንገተኛው? ጋሽ ከድርን ይህንኑ ብጠይቃቸው ሻያቸውን ፉት ብለው፣ «አንተ፣ ሰው ወገኑን እየቀበረ ይሄን የሚሰማ ይመስልሃል?» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ያን ሐረግ ማንም አይሰማውም ነበር። በየቀብሩ ስለሚባል ጆሮ ላይ አያርፍም።

እማማ ኤርጎጌ የመጡት በአንድ ሐሙስ ጠዋት ነው። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረዋል፤ የፕላስቲክ ቦት ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ነው። በላስቲክ የተጠቀለለ ጉርድ ፎቶ አወጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልኝ። ልጃቸው መሠረት ናት፤ ሃያ ሦስት ዓመቷ፣ ዱራሜ ተድራ የአንድ ዓመት ተኩል ሕፃን እናት። ያገባች ሴት የምትቀበረው በባሏ አገር ነው። እሳቸው ግን ዱራሜ ሄደው፣ ሬሳውን አስጭነው፣ ሌሞ ወደ ራሳቸው ግቢ አምጥተውታል። ይህን ሲነግሩኝ ነገሩ ገባኝ። እናት ሬሳ ይዛ የምትመለሰው ያለ ምክንያት አይደለም።

አማርኛቸው ለገበያ የሚሆን ያህል ነበር፤ ስለዚህ በሀዲይኛ ነገሩኝ፣ እኔ በአማርኛ ጻፍኩ። የተወለደችበትን፣ የተማረችበትን፣ የተጠመቀችበትን ነገሩኝ። «እንዴት ሞተች?» አልኳቸው።

«ባሏ መታት» አሉ።

እጄ ቆመ።

«ጎኗ በሙሉ በልዟል። እኔ ነኝ ያጠብኳት፣ አይቻለሁ። ሦስት ቀን ተኝታለች፤ ሐኪም ቤት አልወሰዷትም። መታት፣ ሞተች። እንደዚህ ብለህ ጻፍ። ለቀስተኛው ይስማው። ልጇም ስታድግ ታነበዋለች።»

«ባለቤቷ ባደረሰባት ድብደባ ሕይወቷ አልፏል» ብዬ ጻፍኩ። መልሼ በሀዲይኛ ነገርኳቸው። እየደጋገሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጆች ይወስዱታል» ብለው ወጡ፤ በረንዳው ላይ ልብስ ሰፊው ተነሥቶ እስኪያልፉ ቆመላቸው።

አምስት ሰዓት ላይ ግን ወረቀቱን ሊወስዱ የመጡት የሟች አጎት አቶ ደሳለኝ ነበሩ። በአገሩ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ቆመው አነበቡት። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡና ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ልጄ፣ ይሄን ማን አለህ?»

«እናትየው።»

«እውነት ነው» አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም፣ ጋሽ ከድርም እየሰሙ ነበር። «ግን እየው። ከዱራሜ ሁለት መኪና ለቀስተኛ እየመጣ ነው። የእኛ ጎረምሶች ነገሩን በሹክሹክታ ሰምተው አጥር ሥር ቆመዋል። የልጄ ሚስት የዚያ ሰውዬ እህት ናት፤ ነፍሰ ጡር ናት፤ ድንኳን ውስጥ ተቀምጣለች። ይሄ በድምፅ ማጉያ ሲነበብ ዱላ ይነሣል። ዛሬ አንድ እንቀብራለን፤ ነገ ስንት እንደምንቀብር አላውቅም። ይህችን መስመር አውጣልኝ።»

«ምን ልበል ታዲያ?»

«ምንም። ሞተች በል፣ በቃ።»

ጋሽ ከድርን አየኋቸው። ወደ ውጭ፣ ወደ ፈረሶቹ ይመለከቱ ነበር። መስመሩን አጠፋሁት። «ከአንድ ዓመት ተኩል ልጇ ጋር ስትኖር ሳለች» ይልና ባዶ ይሆናል፤ ከዚያ «ወደ ጌታዋ ተሰበሰበች»። ገጹ መሃል ላይ ክፍተት ታየ። አረፍተ ነገሩ ሲነበብ እንደተሰበረ ደረጃ እግር የሚያስት ሆነ። ስሕተት ይመስላል፣ የጸሐፊ ስንፍና ይመስላል። ያኔ «ታሪክ ሴት»ን ከፈትኩ፤ ያቺን መስመር ገልብጬ ክፍተቱ ላይ ለጠፍኳት። ልክ ገባች። «ባደረባት ድንገተኛ ሕመም በሕክምና ስትረዳ ቆይታ።» አንድ ደቂቃም አልፈጀብኝም። አቶ ደሳለኝ ሲያነቡት እዚያች መስመር ላይ ትንሽ ቆም አሉ፤ አንድ ነገር ሊሉ ፈልገው ነበር መሰለኝ። ከዚያ ሰዓታቸውን አዩና «ቶሎ አባዛው» አሉኝ። ሽማግሌው ዝም በል ነው ያሉኝ፤ ውሸት ጻፍ አላሉኝም። ውሸቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ያውም ለገጹ ማማር ብዬ።

ቀብሩ ላይ አልነበርኩም። እንደሰማሁት እማማ ኤርጎጌን አራት ሴቶች ይዘዋቸው ነበር፤ ደረታቸውን እየመቱ ሲጮሁ ከድምፅ ማጉያው በአማርኛ የሚነበበውን አልሰሙም። ሌላውም ሰው ያን ሐረግ ሰምቶ እንዳልሰማ አለፈው። ዱላ አልተነሣም። ከአርባ ቀን በኋላ ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ምስክር የሚሆን ጠፋና ነገሩ በእርቅ አለቀ ተባለ። እማማ ኤርጎጌ ከእርቁ ማዕድ አልቀመሱም፤ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ሕፃኗን። ሰጧቸው።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ለገበያ ሲመጡ፣ ሱቁ በር ላይ ቆመው ሰላም ይሉኝ ነበር። «እውነቱን የጻፍክልኝ ልጅ» ይሉኛል በሀዲይኛ። በዓመት አንዴ፣ እንሰት ሲፍቁ፣ በኮባ ጠቅልለው ቡላ ያመጡልኛል፤ ነጭ፣ ንጹሕ፣ ለሕመምተኛና ለአራስ የሚሰጠውን ዓይነት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጡኝ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። በሚቀጥለው ዓመትም። ሰው በየዓመቱ ያልተናገረውን በየዓመቱ መናገር እየከበደው ይሄዳል። ጋሪዎቹ ወደ ዳር ወጡ፣ ባጃጅ ገባ፣ ካሴት ቤቱ ተዘጋ፣ ልብስ ሰፊው ሞተ፤ የእሱን ታሪክ ስጽፍ በምን እንደሞተ ሚስቱን ሦስት ጊዜ ጠይቄ ጻፍኩ። ቆርቆሮዎቹ ሲፈርሱ ጋሽ ከድር ማሽኑን ሸጠውልኝ ሱቄን ከፈትኩ። ኮምፒውተሯ ግን ተበላሽታ ነበር፤ የነበረባት ሁሉ አብሮ ጠፋ። ሁለቱ ፋይሎችም። እፎይ አልኩ።

ዘንድሮ፣ ትምህርት ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እማማ ኤርጎጌ አንዲት ልጅ ይዘው መጡ። ቀጭን፣ ሰማያዊ የትምህርት ቤት ሹራብ የለበሰች፣ ደብተሮቿን ደረቷ ላይ ያቀፈች። ዮዲት ናት፣ የመሠረት ልጅ፤ አሥራ አራት ዓመት ሆኗታል። እማማ አርጅተዋል፤ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ጠረጴዛዬን ተደገፉ።

«ይኸውልሽ ጸሐፊው» አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አባቷ ሊወስዳት ነው። ዱራሜ ትልቅ ቤት ሠርቷል፤ ‹ክረምቱን ከእኔ ጋር ትሁን፣ ትምህርቷንም እዚህ ትቀጥል› ብሎ ሰው ላከ። እሷም ልሂድ አለች። እናትሽን የገደለው እሱ ነው ብዬ ነገርኳት፤ አላመነችኝም። ወረቀቱን ከሣጥኔ አወጣች። በሽታ ነው የሚለው ትለኛለች። አማርኛው ከብዷት ነው። አንተ አንብብላት።»

ልጅቷ ከደብተሯ መሃል ወረቀቱን አወጣች። ፕላስቲክ አልብሰውታል፤ እንዳያረጅ፣ እንዳይረጥብ። የመሠረት ፎቶ ከላይ፣ መስመሮቹ ሁሉ ዳርና ዳር እኩል። እኔ ነበርኩ እንዲያ የማስተካክላቸው።

«አማርኛ አይከብደኝም» አለች ዮዲት። «ከክፍሌ አንደኛ ነኝ።»

ትዕግሥት የምትጽፈውን አቆመች። እኔ ወረቀቱን አላነሣሁትም። «ልክ ነው ያነበብሽው» አልኳት። ከዚያ ለእማማ በሀዲይኛ ነገርኳቸው፤ ከሐሙስ ጠዋት እስከ አምስት ሰዓት፣ የሆነውን ሁሉ፣ ምንም ሳልዘል። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

«ቡላውን ግን በላኸው?» አሉኝ በመጨረሻ።

«በላሁት፣ እማማ።»

ከዚያ ወዲያ አላናገሩኝም። ያናገረችኝ ልጅቷ ናት።

«ጋሼ፣ ታዲያ ሕመም ብለህ ጻፍ ያሉህ አባባ ደሳለኝ ናቸው?»

አቶ ደሳለኝ ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። አዎ ብል የሚያስተባብለኝ የለም። «አይደሉም» አልኳት። «እሳቸው ድብደባውን አውጣ ነው ያሉት። ሕመም ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ቦታው ባዶ እንዳይሆን።»

ወረቀቱን አየች፣ መስመሩ ላይ ጣቷን አደረገች። «ባዶ ቢሆን ኖሮ እኔ እጠይቅ ነበር» አለች። «ትንሽ ሆኜ ነው እኮ ያነበብኩት። ስምንት ዓመቴ ነው። አሟት ነው አልኩና ተውኩት።»

«አሁን ጻፈው» አለችኝ። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ፤ ስንት ሺ ገጽ የጻፈ እጅ የመጀመሪያውን ቃል አጣ። የሚመጡልኝ ሁሉ እነዚያው የተሰለፉ ሐረጎች ነበሩ። በመጨረሻ ትቼው በእስክርቢቶ፣ በእጄ፣ እናቷን አያቷ እንዳጠቧት፣ ጎኗ በልዞ እንደነበር፣ ባሏ እንደመታት አያቷ እንደነገሩኝ፣ ሕመም የሚለውን ማንም ሳያዘኝ የጨመርኩት እኔ እንደሆንኩ ጻፍኩ። ስሜን ጽፌ ፈረምኩበት። ስፈርም የሰውዬው ዘመዶች በዚህ ከተማ ስንት እንደሆኑ አስቤያለሁ፤ አልደብቅም።

ዮዲት አነበበችው። አላለቀሰችም። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አደረገቻቸው።

«ሁለቱንም የጻፍከው አንተ ነህ» አለች። «የቱን ልመን?»

«ሁለተኛውን።»

«የመጀመሪያውንም ስትጽፍ እመኑኝ ብለህ ነው።»

አያቷ በሀዲይኛ ምን አለች ብለው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ልጅቷ ወረቀቶቹን ደብተሯ ውስጥ ከተተች። «እሱን ራሱን እጠይቀዋለሁ» አለች። እማማ ክንዷን ያዟት፣ አትሄጂም አሏት፣ ለመኗት፤ እኔም «ዮዲት፣ እሱን ብቻሽን እንዳትጠይቂው» አልኳት። ልጅቷ ግን ያን ጊዜ ከሁለታችን አንዳችንንም የምትሰማበት ምክንያት አልነበራትም። እንደሰማሁት፣ ትምህርት ሲዘጋ አባቷ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ በመኪና መጥቶ ወሰዳት። እማማ ከቤት አልወጡም። ልብሷን ራሷ ነው አጥፋ የከተተችው፤ ሁለቱንም ወረቀት ይዛለች።

እነትዕግሥት የሚጠሉትን ንግግር እየተቀባበሉ ሲስቁ እኔ ይህን ነበር የማስበው። ዛሬ ጠዋት ሱቁን እንደከፈትኩ እማማ ኤርጎጌ ደወሉ። ከዮዲት ጋር ሱቄ ከመጡበት ቀን ወዲህ ድምፃቸውን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሰላምታ አልነበረውም።

«ትናንት ደወለች» አሉኝ።

«ጠየቀችው?»

«እኔም ይህንኑ ጠየቅኋት። ዝም አለች። ከኋላዋ ሰው ነበር፣ ሲተነፍስ ይሰማኛል። ‹ደህና ነኝ አያቴ፣ አታስቢ› አለችና ዘጋችው።»

«ደህና ከሆነች...» ብዬ ጀመርኩ።

«መሠረትም ስትደውል እንዲሁ ነበር የምትለኝ» አሉ።

ስልኩን ሳልዘጋ ለትዕግሥት የሱቁን ቁልፍ ሰጠኋት። እማማ መናኸሪያው በር ላይ እንዲጠብቁኝ ነገርኳቸው፤ ዱራሜ የሚጭነው ሚኒባስ ገና አልሞላም። እዚያ ስንደርስ ምን እንደምንል አልተነጋገርንም።